የፍየሎቼ ፀጉር ደበዘዘ፣ የጅራታቸው ጫፍ ተመለጠ፤ መዳብ ልጨምር ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ጋጣ ጠባቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የወተት ፍየሎች አሉኝ፣ አብዛኞቹ ጥቁር ናቸው፣ ማለቴ ጥቁር ነበሩ። አሁን የጀርባቸውና የጎናቸው ፀጉር የዛገ ብረት እየመሰለ ነው፣ ሲዳሰስም ይሻክራል። የጅራታቸው ጫፍ መሀሉ ተመልጦ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ወተቱ አልነጠፈም፣ ግን እንደ በፊቱም አይደለም። ሁለቱ አውራ ወጥቶባቸው ሳይዙ ቀሩ። ከዘንድሮ ግልገሎች ደግሞ አንዷ ጥሩ ትጠባለች፣ ዐይኗም ንቁ ነው፣ የኋላ እግሯ ግን ይንገዳገዳል።

የሚበሉት ድርቆሽ ነው፣ አልፋልፋ ሲገኝም አልፋልፋ። ሲታለቡ ፍሩሽካና ፋጉሎ ያለበት ድብልቅ መኖ ያገኛሉ። ቀን ግጦሽ ይወጣሉ። ማዕድንም አላሳጣኋቸውም፤ «ለበግና ለፍየል» የሚል የሚላስ ብሎክ ሁሌ ጋጣው ውስጥ ተንጠልጥሏል። ጥቂት በጎችም አብረው ያድራሉ።

ያማከርኳቸው ሰዎች ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ የጎደላቸው መዳብ ነው፣ የመዳብ ቦለስ (የሚዋጥ ካፕሱል) አስውጫቸው ይላል። ሌላዋ የሴሊኒየም መርፌ ትላለች። ሦስተኛው ሰማያዊውን መዳብ ሰልፌት ውኃቸው ውስጥ ጣል አድርጊና ተገላገይ አለኝ። ሁሉንም በአንዴ ልስጥ ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ ግን ፈራሁ። ከየት ልጀምር?

ነጭ ጢም

መፍራትሽ ጥሩ ነው። ሰማያዊውን ነገር ውኃ ውስጥ መጨመሩ ይቅርብሽ፣ በጎች ባሉበት ደግሞ ጭራሽ አታስቢው። አንዷ ብዙ ትጠጣለች፣ ሌላዋ ትንሽ፣ ማን ምን ያህል እንደወሰደ በምን ታውቂያለሽ?

ብሎኩ ላይ «ለበግና ለፍየል» የሚል ካየሽ ለበግ የተሠራ ነው ብለሽ ያዢው። በግ ትርፍ መዳብ አይችልም፤ ጉበቱ ውስጥ እያጠራቀመ ይቆይና አንድ ቀን ይገድለዋል። ስለዚህ አምራቹ መዳብ አይጨምርበትም። ፍየል ደግሞ ከበግ የበለጠ መዳብ ነው የምትፈልገው። ማሸጊያው ላይ መዳብ የሚል መስመር ፈልጊ። ከሌለ ወይ «ያልተጨመረበት» ካለ አንዱን መልስ አገኘሽ።

ሌላው፣ ብሎክ ራሱ ለፍየል አይመችም። ከብት በሸካራ ምላሱ እየፋቀ የሚፈልገውን ያህል ያገኛል፣ ፍየል ግን ሁለት ሦስቴ ልሳ ሰልችቷት ትሄዳለች። ዱቄት የሆነውን ማዕድን በገበቴ ወይም በሳጥን አድርገሽ፣ ዝናብና ሽንት የማይደርስበት ቦታ ሰቅለሽ ስጫቸው። ከረጠበ ይጋገራል፣ ከተጋገረ ደግሞ ዞር ብለው አያዩትም።

ቀይ ዐይን

ሁሉም ሰው መዳብ መዳብ ከማለቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። የታችኛውን የዐይናቸውን ቆብ ገልጠሽ አይተሻል? ቀይ ነው ወይስ ነጭ?

የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የደበዘዘ ፀጉር፣ የወተት መቀነስ፣ ሳይዙ መቅረት፣ እነዚህ ሁሉ በሆድ ትላትልም ይመጣሉ። በተለይ በአራተኛው ጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ደም የሚመጠው ሄሞንከስ የሚባለው ትል ፍየልን ከውስጥ ነው የሚያደርቃት። ቆቡ ከነጣ፣ ከመንጋጋዋ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለ፣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ቅማልም አለ። ፀጉሯን ከፍለሽ በብርሃን እያት፣ ጅራቷን በግድግዳ እያሸችው ስለሆነ ብቻ ሊመለጥ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸወድበትን ነገር ልንገርሽ። የመዳብ ቦለስ፣ ማለትም በካፕሱል ውስጥ ያለው የመዳብ ኦክሳይድ ሽቦ፣ አራተኛው ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ሲሟሟ ይሄን ሄሞንከስን ይቀንሰዋል። በጥናት የታየ ነው፣ ሌሎቹን የትል ዓይነቶች ግን ያን ያህል አይነካም። እንግዲህ ሰውየው ቦለስ ይሰጣል፣ ፍየሏ ታምራለች፣ «አየህ መዳብ ነበር የጎደላት» ይላል። ምናልባት የተሻላት ትሉ ስለቀነሰ ነው። ምናልባት ሁለቱም። ከፀጉሩ ብቻ ተነስቶ ማንም ሊለየው አይችልም።

ሚዛን

ከላይ ያሉት ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን የምጨቃጨቀው ቁጥር ሳይያዝ «ጎደለ» በሚባለው ነገር ነው። ምን እየገባ እንደሆነ ሳታውቂ ምን እንደጎደለ እንዴት ታውቂያለሽ?

አብረን እናስላው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለምትታለብ ፍየል በአንድ ኪሎ መኖ 15 ሚሊ ግራም መዳብ ይላል፣ ላደገች 20፣ ለሚያድግ ግልገል 25። መኖ ሲባል ውኃው ተቀንሶ ደረቁ ማለት ነው። የምትታለብ ፍየልሽ በቀን 2.5 ኪሎ ደረቅ መኖ በላች እንበል። 2.5 በ15 ሲባዛ 37.5 ሚሊ ግራም መዳብ በቀን ያስፈልጋታል።

ከዚያ ውስጥ 1.8 ኪሎው ድርቆሽ ነው እንበል። ድርቆሹ በኪሎ 6 ሚሊ ግራም ካለው 11 ገደማ ሰጣት። 0.7 ኪሎው ድብልቅ መኖ በኪሎ 15 ካለው ሌላ 10 ከምናምን። ድምሩ 21 ገደማ ሆነ። የጎደላት 16 ነው። አሁን ማሸጊያው ላይ «መዳብ 1500 ሚሊ ግራም በኪሎ» የሚል ዱቄት ማዕድን አምጥተሽ በቀን 10 ግራም ብትበላ 15 ሚሊ ግራም ታገኛለች። ሆነ ማለት ነው። ቦለስም መርፌም ሳያስፈልግ።

የድርቆሹን ቁጥር ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኩት፣ ያንቺ 4 ሊሆን ይችላል፣ 10ም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ድርቆሽ ማስመርመር ገንዘቡን የሚያወጣው። ስታስመረምሪ መዳብን ብቻ አትጠይቂ፣ ሞሊብዲነም፣ ድኝና ብረትም ይታይልሽ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ሞሊብዲነምና ድኝ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሲገናኙ መዳቡን አስረው ይይዙታል፣ ከታሰረ በኋላ ወደ ደም አይገባም፣ ከእበቱ ጋር ይወጣል። መኖው ውስጥ ያለው መዳብ ከሞሊብዲነሙ እጥፍ በታች ከሆነ፣ በወረቀት ላይ በቂ መዳብ እያለ እንስሳዋ መዳብ ያጥራታል። ብረት ሲበዛም እንዲሁ ያግዳል። ብረቱ ደግሞ ከመኖ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከውኃም ነው። ገንዳሽን ተመልከቺ፤ ቀይ ቡናማ ዝገት ግድግዳው ላይ ይቀራል? ውኃው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል? የመጀመሪያው ብረት ነው፣ ሁለተኛው ድኝ።

ለዚህም ነው «የጎረቤቴ ፍየሎች በዚህ መጠን ተሻላቸው» የሚባለውን ወሬ የማልወደው። የጎረቤትሽ ውኃ ያንቺ ውኃ አይደለም።

ዝም ብለህ ስጥ

ወገኖቼ ይሄ ሁሉ ሒሳብ ምንድን ነው? እኔ ቦለስ በዓመት ሁለቴ አስውጣቸዋለሁ፣ ዱቄቱንም አኖርላቸዋለሁ፣ ፍየሎቼ ያብረቀርቃሉ። ድርቆሽ አላስመረምርም፣ ደምም አላስቀዳም። የዛገ ፀጉርና የተከፈለ ጅራት ካየሁ መዳብ ነው፣ አለቀ።

ሚዛን

ወንድሜ፣ ያንተ ስለሠራ ደስ ይለኛል። ግን አንተ በግ የለህም፣ እሷ አላት። ደግሞ መዳብ ሲበዛ ወዲያው አይታይም። ጉበቱ ለወራት ዝም ብሎ ያጠራቅማል፣ እንስሳዋ ደህና ትመስላለች። ከዚያ ጉዞ፣ ወሊድ፣ ብርድ፣ የመኖ ለውጥ፣ የሆነ ነገር ያስጨንቃትና ጉበቱ ያከማቸውን በአንዴ ደም ውስጥ ይለቃል። ቀይ የደም ሕዋሶቿ ይፈርሳሉ፣ ዐይኗ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቷ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ አብዛኛውን ጊዜም አትተርፍም። በግ ላይ ነው በብዛት የሚታየው፣ ፍየል የተሻለ ትችላለች፣ ግን «ትችላለች» ማለት ገደብ የላትም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ቦለሱም፣ ዱቄቱም፣ መዳብ ያለበት ድብልቅ መኖም አንድ ላይ ከተሰጡ ቢያንስ ተደምረው ይታዩ ነው የምለው።

ጋጣ ጠባቂዋ

ተመልሻለሁ። በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዳላችሁኝ ዞሬ አየሁ።

ብሎኩ ላይ መዳብ የሚባል ነገር ጭራሽ አልተጻፈም። ብሎኩም ቢሆን ከተሰቀለ ወራት አልፎታል፣ ያው ነው፣ ትንሽ ነው የቀነሰው። ከጎኑ ደግሞ በባልዲ ተራ ጨው አስቀምጬላቸዋለሁ፣ እሱን ቶሎ ነው የሚጨርሱት። ድብልቅ መኖው ማሸጊያ ላይ መዳብ በኪሎ 12 ይላል። ውኃው የጉድጓድ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ገንዳው ግን ቀይ ቡናማ ነው። ሁሌም እንደዚያ ስለሆነ ልብ ብዬው አላውቅም።

የዐይን ቆብ ገለጥኩ። አብዛኞቹ ደህና ቀይ ናቸው፣ ሁለቱ ግን ነጣ ብለዋል። ቅማል አላየሁም።

ስለ ግልገሏ ግን ማንም አልመለሰልኝም፣ እሷ ናት የምታስጨንቀኝ።

የጋጣ ሐኪም

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ ግልገሏ እኔ ልመልስ፣ ግን በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም፣ አጠገብሽ ያለ ሐኪም ይያት።

የኋላ እግር ድካም ያለባት ግልገል ስትመጣ ሦስት ነገር ነው መጀመሪያ የማስበው። አንደኛው የነጭ ጡንቻ በሽታ ነው፣ ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኢ ሲያንሱ የሚመጣው። እግሯ ግትር ይላል፣ ስትራመድ ያማታል፣ ጭኗ ሲዳሰስ ጠንከር ይላል፣ የልብ ጡንቻዋ ከተነካ ደግሞ በድንገት ልትሞት ትችላለች። ይሄ በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛው እናቷ እርጉዝ እያለች መዳብ ሲያጥራት የሚመጣው ነው። ግልገሏ ንቁ ናት፣ ትጠባለች፣ ሕመም የላትም፣ የኋላ እግሯን ግን መቆጣጠር ያቅታታል፣ ወገቧ ይወዛወዛል። ሲወለዱ ሊታይ ይችላል፣ ከተወለዱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እዚህ የተጎዳው ነርቭ ነው፣ የተጎዳው ነርቭ ደግሞ መዳብ ብትሰጫትም አይመለስም፤ እንዳይብስ ማድረግ ይቻል ይሆናል። ሦስተኛው ሲኤኢ የሚባለው ቫይረስ ነው። በእንገርና በወተት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ከ2 እስከ 6 ወር ባሉ ግልገሎች ላይ እግር ያደክማል፣ የወተት ፍየል ባለበት ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል። ከማዕድን ጋር ምንም አያገናኘውም፣ በደም ምርመራ ይለያል።

አንቺ የጻፍሽው «ንቁ ናት፣ ትጠባለች፣ ትንገዳገዳለች» የሚለው ወደ ሁለተኛው ያደላል። ከብሎኩና ከገንዳው ጋር ሳየው ደግሞ ይበልጥ እንደዚያ ያስጠረጥረኛል። ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል።

ስለ መርፌው። ሴሊኒየም በመኖ ሲሰጥ ከሚፈለገው እስከሚጎዳው ድረስ ደህና ርቀት አለው። ፍየል በኪሎ መኖ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ትፈልጋለች፣ የሚያመሰኳ እንስሳ የሚችለው ጣሪያ ደግሞ ወደ 5 ይቀመጣል። በመርፌ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ስለሚገባ ርቀቱ ይጠባል፣ መርፌዎቹም በጥንካሬ እጅግ ይለያያሉ። የከብቱን መርፌ «ትንሽ ልውጋት» ብሎ ለግልገል መስጠት ያስገደለ ነገር ነው። ክብደቷ ተመዝኖ፣ ማሸጊያው ተነቦ፣ አንዴ። «ካልተሻላት ነገ እደግማለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ይሄንንም ያዢ፤ ሴሊኒየም ለረጅም ጊዜ ሲበዛም ፀጉር ይረግፋል፣ ሰኮና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፀጉር ረገፈ ብሎ ሴሊኒየም መጨመር በተበላሸው ላይ መጨመር ሊሆን ይችላል።

ቀይ ዐይን

ሁለቱ ነጣ ያሉትን እበታቸውን አስመርምሪ፣ የትል እንቁላል ይቆጠር። ከወጣ መድኃኒቱን ለእነሱ ብቻ፣ ለሁሉም በጅምላ አትስጪ፣ ትሉ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ነጭ ጢም

ተራ ጨው በባልዲ! እኮ እሱ ነው። እንስሳ በራሱ ፍላጎት ሄዶ የሚበላው ጨው ብቻ ነው። «ሰውነቷ የጎደላትን ታውቃለች፣ ራሷ ፈልጋ ትልሳለች» የሚባለው ለመዳብም ለዚንክም አይሠራም። ማዕድን ውስጥ ጨው የሚደባለቀው እንዲስባቸው ነው። አንቺ ጨዉን ለብቻው ከሰጠሽ ማዕድኑን ለምን ይነካሉ? ባልዲውን አንሺው፣ ማዕድኑ ውስጥ ያለው ጨው ይበቃቸዋል።

ሚዛን

ትክክል። ከዚያ ደግሞ መዝኚ። ዱቄቱን ስታስቀምጪ መዝነሽ ጻፊ፣ ከሳምንት በኋላ የቀረውን መዝኚ፣ ልዩነቱን ለፍየሎቹ ቁጥርና ለሰባት አካፍዪ። በነፍስ ወከፍ ከ7 እስከ 14 ግራም በቀን ከሆነ አብዛኛው ማዕድን የተሠራው ለዚያ መጠን ነው፣ ግን የራሱን ማሸጊያ አንብቢ። መጀመሪያ ላይ ከረሃባቸው የተነሳ ብዙ ይበሉታል፣ አትደንግጪ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይረጋጋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ለሒሳብ አትጠቀሚበት።

ማሸጊያ ስታነቢ መጠኑን ብቻ ሳይሆን መዳቡ በምን መልክ እንደገባም እዪ። መዳብ ሰልፌት ደህና አድርጎ ወደ ደም ይገባል። መዳብ ኦክሳይድ በዱቄት መልክ ከሆነ ግን ሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ያልፋል፣ ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ዋጋ የለውም። (ቦለሱም ኦክሳይድ ነው፣ ግን ሽቦው ከብዶ አራተኛው ጨጓራ እጥፋት ውስጥ ተቀብሮ አሲዱ ለሳምንታት ስለሚበላው ነው የሚሠራው። ስሙ አንድ ስለሆነ አትምታቺ።) ከአሚኖ አሲድ ጋር የታሰሩት ውድ ናቸው፤ እንዳንቺ ብረት ያለበት ውኃ ላለው ሰው ግን ከፊሉ መዳብ በዚያ መልክ ቢሆን የተሻለ ወደ ደም ይገባል።

ውኃውን ደግሞ አስመርምሪ። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ከቻልሽ ወይም ሌላ ምንጭ ካለሽ፣ ብዙ መዳብ ከመጨመር ብረቱን መቀነስ ይቀላል።

ግልገሎች ሁሉ

በመዳብ ብቻ ተጠመዳችሁ፣ ሌሎቹንም አንሱላት እንጂ።

ዚንክ፦ ቆዳቸው ቅርፊት እያበጀ ከሆነ፣ በተለይ ዐይን ዙሪያ፣ አፍንጫና እግር ላይ ወፍሮ የሚላጥ ከሆነ፣ ሰኮናቸውም ደካማ ከሆነ ዚንክ ይታሰብ። አልፋልፋ ካልሲየም ስለሚበዛበት ዚንክን ይጋፋል፣ ብዙ አልፋልፋ የሚበሉ አውራዎች ላይ ያየሁት ነው። ግን እከክም ፈንገስም እንዲሁ ይመስላሉ፣ ቆዳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

አዮዲን፦ ግልገል አንገቱ ላይ እንቅርት ይዞ፣ ፀጉር ሳይኖረው ወይም ሞቶ ከተወለደ። የጎመን ዘሮች ብዙ የሚበሉ ከሆነ ይባሳል፣ አዮዲኑን እንዳይጠቀሙበት ያግዳሉ።

ኮባልት፦ ይሄ ሰው የሚረሳው ነው። ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ቫይታሚን ቢ12 የሚሠሩት በኮባልት ነው። በኪሎ መኖ 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው የሚፈለገው፣ ኢምንት ነው፣ ግን ከሌለ ፍየሏ የምግብ ፍላጎት ታጣና መኖ ፊቷ ላይ እያለ ትከሳለች። ሰውነቷ እንደ መዳብ አያጠራቅመውም፣ በየቀኑ መምጣት አለበት።

ጋጣ ጠባቂዋ የጻፈችው ግን ከነዚህ አንዱንም አይመስልም። ደህና የተሠራ የፍየል ማዕድን ሦስቱንም ይዟል፣ ለብቻቸው አትግዢ።

ጋጣ ጠባቂዋ

ስለዚህ የገባኝ ይሄ ነው፦ ባልዲው ይነሳ፣ ብሎኩ ለበጎቹ ይሁን፣ ለፍየሎቹ መዳብ ያለበት ዱቄት ማዕድን፣ ሁለቱን ለትል ማስመርመር፣ ግልገሏን ሐኪም ጋ፣ ውኃውንና ድርቆሹን ላብራቶሪ። ቦለሱን ለጊዜው ልተወው?

ደምስ ማስቀዳት ይጠቅማል? ሁለት ሦስት ፍየል ለመዳብ ማስመርመር አስቤ ነበር።

የጋጣ ሐኪም

ለሴሊኒየም ደም ጥሩ ነው፣ ሙሉውን ደም አስመርምሪ፣ ያለፉትን ወራት ያሳያል። ፈሳሹ ክፍል ብቻ ከተመረመረ ሰሞኑን የበሉትን ነው የሚናገረው።

ለመዳብ ግን ደም ያታልላል። ጉበቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ የደሙን መዳብ ደህና አድርጎ ይይዘዋል። ደሙ ዝቅተኛ ከሆነ እውነትም አጥሯል፤ ደሙ ደህና ከሆነ ግን ምንም አልነገረሽም። ትልልቅ በሽታና እብጠት ካለ ደግሞ የደም መዳብ ከፍ ይላል። እውነቱ ያለው ጉበት ውስጥ ነው። ለሥጋ የምታርጂው ካለ ወይም የሞተ ግልገል ካለ ቁራጭ ጉበት በንጹሕ ከረጢት አድርገሽ በበረዶ ላኪ፣ ከማንኛውም ደም ይበልጣል። መዳቡንም ሴሊኒየሙንም ብረቱንም አንዴ ያዩልሻል።

ቦለሱን በተመለከተ፣ የጉበት ወይም የድርቆሽ ውጤት እስኪመጣ ቆዪ። ውጤቱ እጥረት ካለ ወይም እበቱ ላይ ሄሞንከስ ከበዛ ያኔ ይሰጣል፤ ላደገች 2 ግራም፣ ለግልገል ከ0.5 እስከ 1 ግራም። ካፕሱሉን እንዳታኝከው በመስጫው ወደ ጉሮሮዋ አስጠግተሽ ስጫት፣ ከታኘከ ሽቦው ተበትኖ መጠኑ ይጠፋል። በዱቄቱ ላይ ቦለስ ሲጨመር ቀጣዩን ከመስጠትሽ በፊት እንደገና መመርመር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እርጉዞቹ ላይ አተኩሪ። የፍየል እርግዝና 150 ቀን ገደማ ነው፣ ጽንሱ መዳብና ሴሊኒየም ከእናቱ ወስዶ ጉበቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው። የእናት ወተት መዳብ የለውም ማለት ይቻላል። ግልገሉ መኖ መብላት እስኪጀምር የሚኖረው ይዞት በተወለደው ነው። ብዙ ሰው የምታለበውን ይንከባከብና የነጠፈችውን ገለባ ላይ ይተዋታል፣ ማዕድኑን የበለጠ የምትፈልገው ግን ያኔ ነው።

ዝም ብለህ ስጥ

እሺ፣ ስለ ጉበቱ የተናገርከው አልገባኝም ነበር፣ ማለቴ ደሙ ደህና ብሎ ጉበቱ ባዶ ሊሆን እንደሚችል። ግን አሁንም ለእኔ ቦለሱ ይቀለኛል ሃሃ። የማርደው አለኝ፣ ጉበቱን እልካለሁ፣ ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ።

ጋጣ ጠባቂዋ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ዱቄቱን ጋጣ ውስጥ ካስቀመጥኩ በጎቹ ይበሉታል። ማታ ለመለየት ቦታ የለኝም።

ነጭ ጢም

ለሚታለቡት ቀላል ነው። ስታልቢያቸው ድብልቅ መኖው ላይ 10 ግራሙን በትነሽ ስጫቸው፣ ጠዋት ግማሹን ማታ ግማሹን። በግ አይደርስበትም፣ መዝነሽ ስለምትሰጪ ማን ምን እንደበላም ታውቂያለሽ።

ለእርጉዞቹና ለነጠፉት ሳጥኑን ከፍ ያለ መደብ ሠርተሽ እሱ ላይ ስቀዪው። ፍየል ዘልላ ትወጣለች፣ የበጉ አንገት እንዳይደርስ ብቻ ከወገብሽ በላይ አድርጊው። ለሁለት ቀን ቆመሽ ተመልከቺ ግን፤ አልፎ አልፎ መውጣት የሚችል በግ ይገኛል። ከተገኘ እርጉዞቹንም እንደሚታለቡት በእጅሽ፣ አንድ በአንድ ነው የምትሰጪው።

ሚዛን

የበጎቹንም ሒሳብ አትርሺ። በግ ሞሊብዲነም ዝቅ ባለበት መኖ ላይ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም መዳብ ለረጅም ጊዜ ከበላ ሊመረዝ ይችላል። የፍየሎቹ ድብልቅ መኖ 12 ነው ብለሻል፣ እሱን የተራረፈውን ቢበሉ ችግር የለውም፣ ማዕድኑ የተበተነበትን ግን ፍየሏ ካስተረፈች ከገበቴው ጥረጊና ለሌላ ፍየል ስጪው።